መልስ፦ ኖራ ሮበርትስ ብዕር ያነሳችው በበረዶ ቀን ነው

ሰዎች የፍቅር ልብ ወለድ ወደ መጻፍ የሚገቡት በትምህርት ነው ወይስ በአጋጣሚ ብለው ለጠየቁት፣ በቅድሚያ ትዝ የሚለኝ የአሜሪካዊቷ የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲ የኖራ ሮበርትስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1979 በሜሪላንድ ከባድ በረዶ ጥሎ መንገዱ ሲዘጋና ትምህርት ሲቋረጥ፣ ከሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆቿ ጋር ቤት ውስጥ ተወስና፣ ቸኮሌቱም እያለቀባት (ይህችን ነገር ራሷ ሳታነሳ አታልፍም) ደብተርና እርሳስ ይዛ ተቀመጠች፤ በሐሳቧ ሲመላለስ የኖረውንም ታሪክ በእጇ መጻፍ ጀመረች። የጽሑፍ ትምህርት አልነበራትም፤ ነገር ግን የፍቅር ልብ ወለዶችን አዘውትራ ታነብ ነበር፤ በልጅነቷም በልቧ ታሪክ መፍጠር ልማዷ ስለነበር፣ ሁሉም ሰው እንዲሁ የሚያደርግ ይመስላት ነበር። ስለዚህ በእኔ እይታ በረዶው ጊዜ ሰጣት እንጂ ጸሐፊ አላደረጋትም።

ብዙዎች የሚዘሉት የኋላውን ነው። ረቂቆቿ ተደጋግመው ተመልሰውባታል፤ እንዲያውም በዘርፉ ስመ ጥር የነበረ አንድ አሳታሚ፣ አሜሪካዊት ጸሐፊ አስቀድሞ ስላለው ሌላ እንደማያስፈልገው ገልጾላታል። በሩ የተከፈተው በ1980 ሲሉዌት የተባለ አዲስ አሳታሚ ተቋቁሞ አሜሪካውያን ጸሐፊዎችን መፈለግ ሲጀምር ነው፤ የመጀመሪያ መጽሐፏም በ1981 እዚያው ታተመ።