ጠይቃ እስክትጨርስ ስሟት

ይህን የምጽፈው በየጤና ጣቢያውና በየጤና ኬላው ለተመደባችሁ ወጣት ባለሙያዎች ነው። ‹‹አንተ ተምረሃል፤ ይሄ ስለ ክትባት የሚሉት ነገር እውነት ነው?›› እየተባላችሁ ስልክ ለሚደወልላችሁ ልጆችም ነው።

ክትባት የሚፈራ ሰው ሲገጥማችሁ ‹‹አልገባውም›› ብላችሁ አትለፉት። በነርስነት በቆየሁባቸው ዓመታት ልጃቸውን አናስከትብም ካሉኝ እናቶች የብዙዎቹ ቅሬታ ከመርፌው ይልቅ ከእኛ ከሰጪዎቹ ጋር ነበር።

አንዲት እናት ዘጠኝ ወር የሞላውን ልጇን አዝላ ለኩፍኝ ክትባት መጣች። የኩፍኝ መድኃኒት አንዴ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ብልቃጡ ደግሞ ለአሥር ልጅ የሚበቃ ነው። ባለሙያዋ ‹‹ለአንድ ልጅ አልከፍትም፣ ሐሙስ ነይ›› አለቻት። ሐሙስ ስትመጣም ሰው አልሞላም ተብላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ቀረች። ቤቷ ድረስ ስንሄድ ‹‹ያን ያህል የሚያስፈልገው ቢሆን ሁለቴ ትመልሱኝ ነበር?›› አለችን። ልክ ነበረች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ይላል። የቀረው የዘጠኝ ልጅ ክትባት ቢደፋ ይደፋ፤ ኩፍኝ የገባበት ቤት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ለዚያ አይሳሳም።

ሌላው የምንደብቀው ነገር ነው። የ45 ቀን ክትባት ሕፃኑን ሌሊት ሊያተኩሰው ይችላል። ሲወለድ የሚወጋው የቲቢ ክትባት ከሳምንታት በኋላ ያብጥና ይቆስላል፤ ከዚያ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ይህ አስቀድሞ ያልተነገራት እናት ‹‹ልጄን አሳመሙብኝ›› ብትል ምን ይፈረድባታል? ለቡና የተጠሩት ጎረቤቶቿም ያንኑ ሰምተው ይቀራሉ። አንድ ደቂቃ ወስዳችሁ ንገሯት።

በናይጄሪያ ካኖ የሆነውን እወቁ። በ1996 እ.ኤ.አ. የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ሲነሳ የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር አዲስ መድኃኒት በሕፃናት ላይ ሞከረ፤ ወላጆች በቅጡ ሳይነገራቸው ነው ተብሎ ክስ ቀረበበት። በ2003 እ.ኤ.አ. የፖሊዮ ክትባት ሲመጣ የካኖ ክልል ለወራት አስቆመው። መሃን ያደርጋል የሚለው ወሬ ሐሰት ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ከሜዳ አልተነሳም። ቫይረሱም ድንበር ተሻግሮ በሱዳን በኩል ከፖሊዮ ነጻ ወደነበረችው ኢትዮጵያ ደረሰ። የካኖ ቁጣ ዋጋ እኛም አገር ባሉ ልጆች እግር ተከፈለ።

በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማህፀን በር ካንሰር ክትባት በየትምህርት ቤቱ ሲጀመር እኛም ጋ ያው የመሃንነት ወሬ ተነሳ። አባቶች ‹‹ለምን ሴት ልጆች ብቻ? ለምን በዚህ ዕድሜ?›› አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ ክትባቱ ይበልጥ የሚሠራው ከዚያ በፊት ሲሰጥ ነው። ካንሰሩ የሚይዘው ሴቶችን ስለሆነ መጀመሪያ የተሰጠው ለእነሱ ነው። በውስጡ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም። ይህን ለአባት መናገር ያሳፍራል ብላችሁ ብትሸሹ ክፍተቱን የሚሞላው ወሬ ነው። አገራችን ውስጥ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ይኸው ካንሰር መሆኑንም ንገሩት።

አክስታችሁ በቤተሰብ ቴሌግራም ላይ አስፈሪ ቪዲዮ ብትለቅ በሰው ፊት አታርሟት። ለብቻዋ ደውሉላት፤ ከቪዲዮው ውስጥ የቱ እንዳስፈራት ጠይቁ። የማታውቁትን ከጠየቀቻችሁ ‹‹ጠይቄ እደውልልሻለሁ›› በሏትና በእርግጥም መልሳችሁ ደውሉ። የክትባቱ ቀን ሲደርስ ሕፃኑን ይዛችሁላት አብራችሁ ሂዱ፤ ካርዱንም አትርሱ።