ስኪፍል ለሮክ ምን አወረሰ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በ1950ዎቹ ብሪታንያን ስላጥለቀለቀው ስኪፍል የተሰኘ ሙዚቃ የመጡ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሮክ ሙዚቀኞቹን የጆን ሌነንን፣ የጂሚ ፔጅንና የቫን ሞሪሰንን የሕይወት ታሪክ ሳነብ ሁሉም «በስኪፍል ጀመረ» ይላል። የስኪፍል ዘፈኖችን ፈልጌ አዳመጥኩ፤ ከሮክ ጋር ብዙም አይመሳሰሉም። ታዲያ ተጽዕኖው የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ በድምፅ ብቻ ካነጻጸሩ እውነትዎን ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር እምብዛም አይሰማበትም፤ ድራምም ብዙ ጊዜ የለበትም። ዘፈኖቹ አብዛኞቹ ከአሜሪካ የመጡ የሥራ፣ የእስር ቤትና የባቡር ዜማዎች ናቸው። ስኪፍል ለሮክ በዋናነት ያወረሰው አደረጃጀቱን ነው። ከዚያ በፊት የብሪታንያ ታዋቂ ዘፋኝ ኖታ አንብበው በሚጫወቱ ባለሙያዎች ፊት ቆሞ የሚዘፍን ሰው ነበር፤ ዘፈኑንም የሚያቀርብለት አሳታሚ ነው። ስኪፍል ይህን ገለበጠው። አራት አምስት የሰፈር ልጆች ጊታር ይዘው ራሳቸው ይጫወታሉ፣ ራሳቸው ይዘፍናሉ፣ የባንዱንም ስም ራሳቸው ያወጣሉ። ዛሬ «የሮክ ባንድ» ስንል የምናስበው ቅርጽ በብሪታንያ መጀመሪያ በብዛት የታየው በእነዚህ ልጆች ነው።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። የኬን ኮልየር የጃዝ ባንድ በ1953 ነፋሾቹ በሚያርፉበት ሰዓት ባንጆ ተጫዋቹ ሎኒ ዶኔጋን ጊታር አንስቶ ከጥቂት ሰዎች ጋር የድሮ የአሜሪካ ዘፈኖችን ይጫወት ነበር። ቡድኑ ለሁለት ሲከፈል ዶኔጋን ከባልደረባው ከክሪስ ባርበር ጋር ቀረ። በሐምሌ 1954 ባርበር ዴካ ለተባለው የሸክላ ኩባንያ አልበም ሲቀዳ «ሮክ አይላንድ ላይን» አብሮ ተቀዳ፦ ዶኔጋን በጊታርና በድምፅ፣ ባርበር በኮንትራባስ፣ ቤሪል ብራይደን በልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ። ዘፈኑ ለብቻው በሸክላ የወጣው በ1955 መጨረሻ ሲሆን፣ በ1956 በብሪታንያም በአሜሪካም የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 8ኛ ደረጃ ወጣ።

ልጆቹ ከሬዲዮው የሰሙት ሦስት ሰዎችን ብቻ ነው። ይህ ወሳኝ ነጥብ ነው፤ የሰሙትን በማግስቱ ሊሞክሩት ይችሉ ነበር። ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች)፣ አንድ ርካሽ ጊታር፣ ከወጥ ቤት የተወሰደ ሰሌዳና ባዶ የሻይ ቅጠል ሳጥን ይበቃል። በጥቂት ወራት ውስጥ በመላ አገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ቡድኖች ተፈጠሩ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ምክንያትም አለ። በብሪታንያ ከጥቅምት 1939 ወዲህ የተወለዱ ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና አልተጠሩም። ከነሱ ጥቂት ዓመት የሚበልጡት በ18 ዓመታቸው ሲዘምቱ ባንዳቸው ይፈርስ ነበር። በኋላ የቢትልስ ባንድ አባላት የሆኑት፣ በ1940 የተወለዱት ሌነንና ሪንጎ ስታር፣ በ1942 የተወለደው ፖል ማካርትኒ ግን ሳይበተኑ ቀጠሉ። በ15 ዓመት የተጀመረ ቡድን እስከ 20 ዓመት መዝለቅ የቻለው በዚህ ነው።

በድምፅም ቢሆን ምልክቱ ጨርሶ አልጠፋም። ቢትልሶች በጥር 1969 ለንደን ውስጥ ጣሪያ ላይ ወጥተው ከተጫወቷቸው ዘፈኖች አንዱ የሆነው «ዋን አፍተር 909» ሌነን በጉርምስናው የጀመረው የባቡር ዘፈን ነው። ሌጣ የስኪፍል ልጅ ነው፤ የለበሰው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሌነን መጀመሪያ ጊታርን የሚጫወተው እንደ ባንጆ ነበር ይባላል። ስድስት ክር ያለውን መሣሪያ እንዴት እንደ ባንጆ መጫወት ይቻላል?

መልስ፦ ያስተማረችው እናቱ ጁሊያ ነበረች፤ እሷ ደግሞ የምታውቀው ባንጆ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ወፍራም ክሮች ትቶ በአራቱ ቀጫጭን ክሮች ላይ የባንጆ ኮርድ ይይዝ ነበር።

ራስዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። የጊታር አራቱ ቀጫጭን ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። የመጨረሻውን፣ ማለትም ቀጭኑን ኢ፣ በአንድ ሙሉ ድምፅ አላልተው ዲ ያድርጉት። አሁን የተለመደውን የባንጆ ጂ ቅኝት አገኙ ማለት ነው። ምንም ሳይጫኑ አራቱን ክሮች ቢገርፉ የጂ ኮርድ ይወጣል። አመልካች ጣትዎን በአምስተኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለ የብረት መስመር) ላይ አጋድመው አራቱንም ቢጫኑ ሲ፣ በሰባተኛው ላይ ቢጫኑ ዲ ያገኛሉ። የስኪፍል ዘፈኖች በብዛት የሚጠይቁት እነዚህን ሦስቱን ነው፤ አንድ ጣት ብቻ ይበቃል።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው፣ እጅ በልማድ ስድስቱንም ክር ስለሚገርፍ ወፍራሙ ኢ ከሲ ኮርድ ጋር ባይጣላም ከዲ ጋር ይጋጫል። መፍትሔው የግራ አውራ ጣትን ከአንገቱ በላይ አሻግሮ ወፍራሙን ክር በስሱ መንካትና ድምፁን ማፈን ነው። ሁለተኛው፣ ድምፁ ቀጭን ሆኖ ሥር ያጣል፤ ለዚህ ነው እነዚህ ቡድኖች ያለ ባስ መቆም የማይችሉት።

ፖል ማካርትኒ ሐምሌ 6 ቀን 1957 በሊቨርፑል ዉልተን በቤተ ክርስቲያን ግቢ በተደረገ በዓል ላይ ከሌነን ጋር ሲተዋወቅ በሌነን ቡድን ውስጥ ቦታ ያገኘው አንድም ሌነን ትክክለኛውን የጊታር አያያዝ ስላላወቀ ነው። የኤዲ ኮክራንን ዘፈን ከነሙሉ ግጥሙ ዘፈነ፤ በዚያ ላይ ጊታር መቃኘት ያውቅ ነበር። ማካርትኒ ግራኝ ስለሆነ ኮርዶቹን ሲያሳይ ሌነን የሚያየው እንደ መስታወት ተገልብጦ ነበር፤ ሆኖም ትክክለኛውን የጊታር አያያዝ የተማረው ከሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤት ዝግጅት የሻይ ሳጥን ባስ ሠራን። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ዜማው ይወርዳል፣ በሦስተኛው ልምምድ ደግሞ ሳጥኑ ተሰነጠቀ። ምን ተሳሳትን?

መልስ፦ ሦስቱም ችግሮች የታወቁ ናቸው፤ የ1957 ልጆችንም አስቸግረዋል። ከመጀመሪያው እንጀምር።

ሳጥኑ ጎኑ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮምፔርሳቶ ሳጥን ይሁን፤ አንዱ ፊቱ ክፍት ነው። ክፍቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ድፉት። ከላይ በቀረው ገጽ መሃል 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። የተሰነጠቀባችሁ ክሩን ቋጥራችሁ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ስላሳረፋችሁት ነው፤ ቋጠሮው ኃይሉን ሁሉ በአንዲት ነጥብ ላይ ይጥላል። ከውስጥ በኩል 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሌላ የኮምፔርሳቶ ቁራጭ በማጣበቂያ ለጥፉ፤ እሱንም አብሮ ብሱትና ክሩን ሰፊ ሮንዴላ ላይ ቋጥሩ።

1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የመጥረጊያ እንጨት ውሰዱ። ከታች ጫፉ ላይ ሹካ የሚመስል ስንጥቅ አውጡና የሳጥኑ ጠርዝ ላይ አስገቡት። በምስማር አትምቱት፤ ወደ ኋላና ወደ ፊት መንቀሳቀስ አለበት። ክሩን ከመሃል አምጥታችሁ እንጨቱ ጫፍ ላይ እሰሩ። እንጨቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ክሩ በጥቂቱ ላላ ያለ፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ግን የሚወጠር ይሁን።

ዜማው የሚወርደው በክሩ ምክንያት ነው። የጥጥ ሲባጎ በተመታ ቁጥር ይረዝማል። 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ተጠቀሙ፤ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ወጥራችሁ አሳድሩት። መለጠጡን በዚያ ሌሊት ይጨርሳል።

ድምፁ የቀጠነው ሳጥኑ ወለሉ ላይ ድፍን ብሎ ስለተቀመጠ ነው፤ አየሩ መውጫ የለውም። በአንደኛው ጎን ሥር 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን እንጨት አስገቡና ከፍ አድርጉት። የተጫዋቹ እግር የሳጥኑን ጠርዝ ይርገጥ እንጂ መሃሉን አይንካ፤ የሚርገበገበው ገጽ እሱ ነውና። ምስማሮቹ ካንቋቁ መገጣጠሚያውን በማጣበቂያ ሙሉት።

ለዜማው እንጨቱን እየሳቡ በጆሮ መፈለግ ይቻላል፤ ለጀማሪ ግን አስቸጋሪ ነው። የሚቀለው ይህ ነው፦ እንጨቱን በአንድ ቦታ አጽንታችሁ ያልተያዘው ክር ጂ እንዲሰጥ ወጥሩ። የክሩ ርዝመት 100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከላይ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ከእንጨቱ ጋር አጣብቃችሁ ስትይዙት ሲ፣ 33 ላይ ዲ ይሰጣል። ክሩ ወደ እንጨቱ ሲሳብ ውጥረቱ ስለሚጨምር ድምፁ ጥቂት ይቀጥናል፤ ስለዚህ ምልክቱን በጆሮ እየሰማችሁ ከተለካው ትንሽ ወደ ላይ አንሱት።

ጥያቄ፦ «ሮክ አይላንድ ላይንን» ስንጫወት ፍጥነቱ የሚጨምርበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ እንበታተናለን።

መልስ፦ ዶኔጋን መጀመሪያ ጊታሩን በዝግታ እየመታ ታሪክ ያወራል፦ የባቡር ነጂው ቀረጥ ላለመክፈል የጫንኩት ከብት ነው ይላል፤ ካለፈ በኋላ ብረት መሆኑን በደስታ ይናገራል። ከዚያ ባቡሩ ፍጥነት እንደሚጨምር ዘፈኑም እየከነፈ ይሄዳል። ቡድኖች የሚበታተኑት ሁሉም ሰው አፋጣኝ ሲሆን ነው።

ፍጥነቱን የሚጨምረው ጊታር የያዘው ዘፋኝ ብቻ ይሁን። የሚጨምረውም በአዝማቹ መጨረሻ እንጂ በስንኝ መሃል አይደለም። ከ90 ምት በደቂቃ ተነስታችሁ በየአዝማቹ ከ10 እስከ 15 ምት ጨምሩ። ጊታሩ በአንደኛውና በሦስተኛው ምት ወፍራሙን ክር ብቻ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ሙሉውን ኮርድ በግርፍ ይምታ። ባሱ አንደኛውንና ሦስተኛውን ይከተል። የማጠቢያ ሰሌዳው በእያንዳንዱ አራት ምት ውስጥ ስምንት ጊዜ ይፈጫል፤ ሁለተኛውንና አራተኛውን ያጎላል። ሰሌዳው ብረት ስለሆነና ጣት ላይም ልብስ ሰፊዎች የሚያጠልቁት የብረት ቆብ ስለሚጠለቅ ከሁሉም በላይ ይጮኻል፤ ቀድሞ የሚሮጠውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከጀርባው ጨርቅ ለጥፉበትና ተጫዋቹ የዘፋኙን ቀኝ እጅ እያየ ይምታ።

በእኛ ግምት ከስኪፍል በቀጥታ ወደ ሮክ የተሻገረው ትልቁ የአጨዋወት ሀብት ይህ ቀኝ እጅ ነው። ድራም በሌለበት ቡድን ውስጥ ምቱን የሚሸከመው ጊታር መችው ነበር፤ ሌነን በቢትልስ ውስጥ የያዘው ሥራ ከዚያ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ሮሊንግ ስቶንስስ? እነሱ የብሉዝ ልጆች አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ናቸው፤ ብሉዙን ያመጡላቸው ግን የስኪፍል ሰዎች ናቸው። ሲሪል ዴቪስ በ1955 በለንደን ሶሆ፣ ዋርዶር መንገድ ላይ ባለው ራውንድሃውስ መጠጥ ቤት የስኪፍል ክበብ ከፍቶ ነበር። በ1957 ስኪፍል በጣም ሲስፋፋ እሱና አሌክሲስ ኮርነር ሰልችቷቸው ቤቱን የብሉዝ ክበብ አደረጉት። በ1958 ክሪስ ባርበር የብሉዝ ሙዚቀኛውን መዲ ዋተርስን ከአሜሪካ አስመጣ፤ አኩስቲክ (ያለ ኤሌክትሪክ የሚጫወት) ጊታር የጠበቀው ታዳሚ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲሰማ ደነገጠ። ኮርነርና ዴቪስ መንገዱን ያዙና በመጋቢት 1962 በኢሊንግ የራሳቸውን የኤሌክትሪክ ብሉዝ ምሽት ጀመሩ። የስቶንሶቹ ጃገርና ሪቻርድስ ሌላውን የባንዱን አባል ብራያን ጆንስን ያገኙት እዚያ ነው፤ በኋላ የስቶንሶች ድራም መቺ የሆነው ቻርሊ ዋትስም ለኮርነር ድራም ይመታ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ስቶንሶች የመጀመሪያ ዝግጅታቸውን ያቀረቡበት ማርኪ ክለብም ባርበር ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ዶኔጋን ከዚያ ዘፈን ሀብታም ሆነ?

መልስ፦ ከዚያ ቅጂ አይደለም። የተከፈለው የአንድ ቀን የስቱዲዮ ክፍያ ብቻ ነው፤ ሮያሊቲ (ከሽያጭ የሚከፈል ድርሻ) አልነበረውም። በኋላ ግን በብሪታንያ ሦስት ጊዜ 1ኛ ወጥቷል፤ የዘፈን አሳታሚ ድርጅትም አቁሞ የጀስቲን ሄይዋርድን «ናይትስ ኢን ዋይት ሳቲን» መብት ይዟል።

ጥያቄ፦ ነገሩን በጆሮዬ ለመከታተል የቱን ላዳምጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የሊድ ቤሊን «ሮክ አይላንድ ላይን»፤ ከዚያ የዶኔጋንን። ዶኔጋን ከሊድ ቤሊ ምን እንደወሰደና የት ላይ እንዳፈጠነው ወዲያው ይሰማዎታል። ቀጥሎ ቫይፐርስ የተባለውን የሶሆ ቡድን ያዳምጡ፤ ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ማርቲን ነው፣ ኋላ ቢትልሶችን የቀዳው። ከዚያ የቢትልሶች መነሻ የሆነው ኳሪሜን በሐምሌ 1958 በሊቨርፑል ትንሽ ስቱዲዮ የቀዳቸውን ሁለት ዘፈኖች በ1995 በወጣው «አንቶሎጂ 1» ውስጥ ያገኛሉ፤ አንዱ የበዲ ሆሊ ነው፣ ሌላው የራሳቸው ድርሰት። በዚያን ጊዜ የማጠቢያ ሰሌዳውና የሻይ ሳጥኑ ከቡድኑ ወጥተዋል፤ ፒያኖ ገብቷል። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት፣ ማካርትኒ ከሌነን ጋር በተዋወቀበት ቀን፣ አንድ ታዳሚ በቴፕ ባስቀረው ደካማ ቅጂ ላይ ሌነን የዶኔጋንን «ፑቲን ኦን ዘ ስታይል» ሲዘፍን ይሰማል። የዶኔጋን ቅጂ በዚያው ሳምንት በብሪታንያ ሰንጠረዥ 1ኛ ነበር።