መልስ፦ የሹጋቤብስ መሥራቾች ሁሉ ወጥተው ስሙ እንዴት ቀጠለ?

የብሪታንያው የሴቶች ፖፕ ቡድን ሹጋቤብስ ከመሥራቾቹ አንድም ሳይቀር በዚያው ስም መቀጠሉ ግራ ቢያጋባህ አይገርምም። ምክንያቱ አባላቱ በአንዴ ሳይሆን አንድ በአንድ መተካታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ለንደን ላይ የጀመሩት ሺቮን ዶናሂ፣ ሙትያ ብዌና እና ኪሻ ቡካናን ናቸው። ሺቮን በ2001 ስትወጣ ሃይዲ ሬንጅ ገባች፤ በብሪታንያ የዘፈን ሽያጭ ሰንጠረዥ የመጀመሪያውን አንደኝነት ያገኙት በ2002 ከሃይዲ ጋር ነው። ሙትያ በ2005 መጨረሻ ስትለቅ በአሜል ቤራባህ ተተካች። በ2009 ኪሻም ወጣችና በዚያው ዓመት በአውሮፓ የዘፈን ውድድር በዩሮቪዥን የዘፈነችው ጄድ ዩወን ቦታዋን ያዘች።

አልበም ስትመርጥ እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፦ «ቶለር ኢን ሞር ዌይስ» ሁለት ዓይነት ነው። የ2005ቱ ሙትያ ከቡድኑ ጋር የዘፈነችበት ነው፤ በ2006 እንደገና የወጣው ግን «ሬድ ድሬስ»ን ጨምሮ አንዳንድ ዘፈኖች በአሜል ድምፅ ተቀድተዋል። ያ ወፈር ያለ፣ ሻከር ያለ የሙትያ ድምፅ ከጠፋብህ የያዝከው ሁለተኛው ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

መሥራቾቹ በ2012 ሲመለሱ ስሙ በእጃቸው ስላልነበር «ሙትያ ኪሻ ሺቮን» ተባሉ። ስሙን ያስመለሱት በ2019 ሲሆን፣ ሳይወጣ ለዓመታት የቆየውን «ዘ ሎስት ቴፕስ» አልበም በ2022 በሹጋቤብስ ስም አወጡት።