ስንት አውቶቡስ እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። የሰፈራችን ሰው ተሰብስቦ የከተማ አውቶቡስ ይግባልን የሚል ደብዳቤ ለማስገባት ተስማማና «አንቺ ጻፊው» ተብዬ እኔ ላይ ወደቀ። አንዱ 10 አውቶቡስ በይ ይለኛል፣ ሌላው 30። ለየሰፈሩ አንድ አንድ መስመር ይከፈት የሚሉም አሉ። ከተማዋ ደግሞ በየዓመቱ እየሰፋች ነው። ከ10 ዓመት በኋላም የሚሠራ ነገር ለመጠየቅ ምን ብዬ ልጻፍ?
የፈረቃ ሠራተኛዋ፣ ከጠባሴ

መልስ፦ እህቴ፣ የአውቶቡሱን ቁጥር ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ፌርማታ ላይ ስንት ደቂቃ እንቆማለን?» ነው። ቁጥሩ ከዚያ በሒሳብ ይወጣል።

ወደ ደሴ በሚወስደው፣ ከተማዋን በሚያቋርጠው አስፋልት ላይ የ9 ኪሎ ሜትር መስመር አለ እንበል። አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ የሚቆመውን፣ አስፋልት የሚያቋርጥ በግ የሚጠብቀውን ሁሉ ጨምሮ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ መሄጃ 30 ደቂቃ፣ መመለሻ 30፣ ጫፍ ላይ ሾፌሩ እግሩን የሚያፍታታበት 10። አንድ ምልልስ 70 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። በየ10 ደቂቃው እንዲመጣ ከፈለግሽ 7 አውቶቡስ፣ አንዱ ጋራዥ ሲገባ የሚተካ ሲጨመር 8። እነዚያኑ 7 አውቶቡሶች ተመሳሳይ ርዝመት ላላቸው 7 መስመሮች አንድ አንድ ብታዳርሻቸው ግን እያንዳንዱ ሰፈር በ70 ደቂቃ አንዴ ነው የሚያገኘው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ፣ በኅዳር ውርጭ፣ ማን ነው ጋቢውን ተከናንቦ 70 ደቂቃ የሚቆመው? ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ይሄዳል። ከዚያ «ሰው አልተሳፈረም» ተብሎ መስመሩ ይዘጋል። ስለዚህ ጎረቤቶችሽ ቢከፋቸውም ለየሰፈሩ የሚለውን አትጻፊ። አንድ ወይም ሁለት መስመር፣ ግን ቶሎ ቶሎ የሚመጣ።

አዲስ አበባ አንበሳ አውቶቡስን በ1935 ዓ.ም. ጀመረች፣ ሸገር አውቶቡስ በ2008 ተጨመረ፣ ሰው ዛሬም የሚያማርረው ያው ጥበቃውን ነው። እኔም አንዴ እዚያው 50 ደቂቃ ያህል ቆሜ ሁለት አውቶቡስ ተከታትሎ መጣ። የፊተኛው በሩ አልዘጋ እስኪል ታጭቋል፣ የኋለኛው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እኔም እንደ ሁሉም ተጋፍቼ የፊተኛው ላይ ወጣሁ (ሞኝነት ነው፣ ግን 50 ደቂቃ የቆመ ሰው አያስብም)። የፊተኛው ብዙ ሰው ሲጭን ይዘገያል፣ ሲዘገይ የባሰ ሰው ይጠብቀዋል፣ የኋለኛው ባዶውን ይደርስበታል። ይህን የሚፈታው ተጨማሪ አውቶቡስ ሳይሆን ጫፍ ላይ ሰዓት ይዞ «አንተ ቆይ፣ አንተ ውጣ» የሚል የስምሪት ሠራተኛ ነው። ደመወዙን ደብዳቤው ውስጥ አስገቢው።

ባጃጆቹን ጠላት አታድርጊያቸው። 60 ሰው የጫነ አንድ አውቶቡስ በሦስት ሦስት ሰው ሲቆጠር የ20 ባጃጅ ሥራ ይሠራል፣ እውነት ነው። ኮብልስቶኑ ውስጥ ለውስጥ ግን አውቶቡስ አይገባም። ከውስጥ ሰፈር እስከ ፌርማታ ያለው ሥራ ለነሱ ይተውላቸው፣ ልጆቹም እንጀራቸው አይዘጋም።

አሁን ስለ 10 ዓመቱ። ዩኒቨርሲቲው የተከፈተው በ1999፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው በ2011 ነው። ሁለቱም መጀመሪያ መጡ፣ የሰው መመላለሻ ከኋላ ታሰበ። እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ዛሬ የሚጠየቀው መሬት ነው። የአውቶቡስ ማደሪያና ጋራዥ ቦታ፣ ለ8 ሳይሆን ለ40 የሚበቃ፣ መሬቱ ለሌላ ሳይሰጥ ተከልሎ ይቀመጥ። አዲስ ሰፈር ሲሸነሸንም አውቶቡስ የሚዞርበት ሰፊ መታጠፊያ ይተው። ነገ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ቢመጣ ቻርጅ የሚደረገው እዚያው ማደሪያው ውስጥ ስለሆነ ቦታው ሲመረጥ ለመብራት መስመሩ ቅርብ ይሁን። ውርጭ ባትሪ ይጎዳል፣ ጣሪያ ያለው ቢሆን ደግሞ እሰየው።

ገንዘቡንም አትርሺ። ሰው በሚችለው ታሪፍ ናፍጣውም ጎማውም ደመወዙም አይሸፈንም፣ በብዙ አገር እንዲሁ ነው። ድጎማው ከየት እንደሚመጣና መለዋወጫ በየዓመቱ በጀት እንደሚያዝለት በጽሑፍ ይቀመጥ። በተረፈ መኪና ገዝቶ ማስመረቅማ ቀላል ነው።

ደብዳቤውን ከመጻፍሽ በፊት ግን አንድ ሥራ አለሽ። አንድ ደብተርና ሁለት ጓደኛ ይዘሽ ለሦስት ቀን፣ አንዱ የገበያ ቀን ይሁን፣ ዋናው አስፋልት ላይ ቁሙ። ፈረቃ ሲቀየር ማለትም ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት፣ ስንት ሰው ትራንስፖርት እንደሚጠብቅና ስንቱ በእግሩ እንደሄደ ጻፉ። የማታዋን 4 ሰዓት በተለይ። በዚያ ሰዓት በጨለማ በእግራቸው የሚገቡትን ሴቶች ቁጥር የደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ላይ አድርጊው።