የሕግ ምክር፦ የእናቴ የጤና መድን ደብተርና የመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ኮቺ ነው። በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሬ ስሠራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ድርጅቱ ለእኛና ለትዳር ጓደኞቻችን ከግል ኢንሹራንስ ኩባንያ የሕክምና ዋስትና ገዝቶልናል። ባለቤቴ የስኳር ሕመም አለባት። ባለፈው ወር እግሯ ላይ ያለው ቁስል አመርቅዞ በግል ሆስፒታል ተኝታ ታከመች፤ 38,400 ብር ከኪሴ ከፈልኩ። ኢንሹራንሱ ግን «ቀድሞ የነበረ ሕመም ስለሆነ አንከፍልም» አለ። እናቴ ደግሞ የሊሙ ኮሳ ነዋሪ ናት፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር አላት። ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት በኮንትራት መኪና በቀጥታ ወደ ጅማ ስናመጣት፣ የወሰድናት ሆስፒታል «ሪፈር የላትም» ብሎ በጥሬ ገንዘብ አስከፈለን። መብታችን እስከ ምን ድረስ ነው? ባለቤቴንስ በመንግሥቱ መድን ባስመዘግባት አይሻልም?

መልስ፦ በቅድሚያ ለባለቤትዎና ለእናትዎ ምሕረቱን እንመኛለን። ሁለቱን ጉዳዮች ለያይተው ይያዟቸው። የባለቤትዎ መብት የሚመነጨው ከውል ነው፤ የእናትዎ ደግሞ መንግሥት ካቋቋመው ሥርዓትና ከመመሪያው። የሚቀርቡበት ቦታም፣ የሚጠየቀው ወረቀትም፣ የጊዜ ገደቡም የተለያየ ነው።

ከባለቤትዎ እንጀምር፤ ገንዘቡም ክርክሩም የሚከብደው እዚያ ነው። ኩባንያው «አንከፍልም» ያለው በቃል ወይም በስልክ ከሆነ፣ በየትኛው የውሉ አንቀጽ መሠረት እንደከለከለ ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲመልስ ይጠይቁ። አንቀጽ ያልተጠቀሰበት ክልከላ ለመከራከርም ለመስማማትም አይመችም። ቀጥሎ ወደ ድርጅትዎ የሰው ኃይል ክፍል ይሂዱ። በቡድን በተገዛ ዋስትና መድን ገቢው አሠሪው ነው፤ እርስዎና ባለቤትዎ ተጠቃሚዎች ናችሁ። ስለዚህ ውሉ ያለው በአሠሪው እጅ ነው። ለሠራተኛው የሚታደለው አንድ ገጽ የጥቅማ ጥቅም ማብራሪያ ውሉ አይደለም። ዋናውን የመድን ውል፣ አብሮት የተያያዘውን የሽፋን ሠንጠረዥ፣ በኋላ የተጨመሩ ማሻሻያዎችን፣ እንዲሁም የባለቤትዎ ስም ለኩባንያው የተላከበትን ዝርዝር ከነቀኑ ኮፒ ይጠይቁ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚረሳው ወረቀት ነው። ስሟ የገባው እርስዎ ከተቀጠሩ ከዓመታት በኋላ ከሆነ፣ «ቀድሞ የነበረ» የሚለው ቃል የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ውሉ እጅዎ ሲገባ የኩባንያው ክልከላ ከሁለት ነገሮች በየትኛው ላይ እንደቆመ ይለዩ። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ በሕግ ዓይን ግን አንድ አይደሉም።

አንደኛው፣ ውሉ ራሱ ቀድሞ የነበረ ሕመምን ከሽፋን ውጪ ያደረገ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ አንቀጽ በግልጽ ከተጻፈ ይጸናል። ነገር ግን ቃሉን አንድ በአንድ ያንብቡት። አንዳንዱ ውል ሕመሙን ለዘለቄታው ያስቀራል፤ አንዳንዱ የተወሰኑ ወራት መጠበቂያ ብቻ አስቀምጦ ከዚያ በኋላ ይሸፍናል፤ አንዳንዱ ደግሞ የዘወትሩን ክትትልና መድኃኒት አስቀርቶ ድንገተኛ ሕክምናን ይከፍላል። አንቀጹ አሻሚ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1738 ይረዳዎታል፤ አንዱ ወገን ያዘጋጀው የውል ቃል ሲያጠራጥር፣ ለተቀበለው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል። የመድን ውልን የሚያዘጋጀው ኩባንያው ነው።

ሁለተኛው፣ ኩባንያው «ሕመሙን ደብቃችኋል» እያለ ሊሆን ይችላል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ቢተካም፣ ስለ መድን የሚደነግገው ክፍሉ ግን ሥራ ላይ ነው። በቁጥር 667 መሠረት መድን ገቢው ስለሚሸፈነው ሥጋት የሚያውቀውን በትክክል መግለጽ አለበት። ይህን ግዴታ አውቆ የጣሰ ሰው ውሉ ይፈርስበታል (ቁጥር 668)። ሳያውቅ ወይም ያለ ክፉ ሐሳብ የጎደለ መግለጫ ግን ውሉን አያፈርሰውም (ቁጥር 669)፤ ጉድለቱ የታወቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ከሆነ ክፍያው በአረቦኑ (ለመድኑ በሚከፈለው ገንዘብ) ልክ ይቀነሳል። በቁጥር እንየው፦ ሕመሙ ቢታወቅ ኖሮ አረቦኑ 9,000 ብር ይሆን የነበረ፣ የተከፈለው ግን 6,000 ብር ከሆነ፣ ኩባንያው ከወጪው ሁለት ሦስተኛውን ይከፍላል፤ በእርስዎ ሒሳብ 25,600 ብር መሆኑ ነው። «ተደበቀ» በተባለ ቁጥር ሁሉም ገንዘብ ይቀራል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ወሳኙ ጥያቄ የጤና መግለጫ ቅጽ ሞልታችሁ ነበር ወይ የሚለው ነው። በቡድን ዋስትና ብዙ ጊዜ አሠሪው የስም ዝርዝር፣ ዕድሜና ጾታ ብቻ ይልካል፤ ቅጽ አይሞላም። ቅጽ ካልቀረበላችሁ ባለቤትዎ ደበቁ ለማለት ይከብዳል። ቅጽ ሞልታችሁ «የስኳር ሕመም አለ?» ለሚለው «የለም» ብላችሁ ከነበረ ግን ጉዳዩ ከባድ ነው፤ ይህን ለጠበቃዎ ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩት።

የሐኪሙ ማስረጃም ይመዝናል። የሆስፒታሉ የመውጫ ማጠቃለያ ለመተኛት ያበቃት ምን እንደሆነ በትክክል ይግለጽ፦ ቁስሉ እንዴት ጀመረ፣ ምን ተሠራ፣ ስንት ቀን ተኛች። እውነቱ የቁስል መመረዝና ድንገተኛ ሕክምና ከሆነ ይህ እንዲጻፍ መጠየቅ መብትዎ ነው። ሐኪሙን «ስኳር የሚለውን አውጣልኝ» ብለው ግን ፈጽሞ አይለምኑት። ሐሰተኛ ማስረጃ ወንጀል ከመሆኑም በላይ፣ ሊያሸንፉበት የሚችሉትን ጉዳይ ያበላሽብዎታል።

ስለ ጊዜ፦ የንግድ ሕጉ ጉዳት መድረሱ በታወቀ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ለኩባንያው እንዲነገር ያዛል። ስለዚህ ያሳወቃችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማንኛውንም ወረቀት ወይም የስልክ መልእክት ያስቀምጡ። በመድን ውል ላይ የሚመሠረት ክስ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ መክሰስ አይቻልም። «በድርድር ላይ ነን» እየተባለ ዓመቱ የሚያልቅባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አቤቱታዎን በአሠሪዎ በኩል ይላኩ፤ እርስዎም በራስዎ ስም በአደራ ደብዳቤ ይላኩ፤ በእጅ ከሰጡ ኮፒው ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ያስመቱ። ዋናውን ደረሰኝ ደግሞ ኮፒ ሳያስቀሩ አይስጡ።

ኩባንያው ካልተመለሰ፣ መድን ሰጪዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ በጽሑፍ ማመልከት ይችላሉ። ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ግን በውሉ መጨረሻ ገጾች አካባቢ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ፣ ማለትም ክርክሩ ከፍርድ ቤት ውጪ በተመረጡ ዳኞች እንዲታይ የሚል፣ እንዳለ ያረጋግጡ። ካለ፣ ኩባንያው መቃወሚያ አንሥቶ መዝገቡን ሊያዘጋብዎት ይችላል፤ ወራት ይባክናሉ። ቢረቱም ደግሞ ሙሉው 38,400 ብር ላይመለስ ይችላል። ሠንጠረዡ ላይ ያለውን የዓመት ጣሪያ፣ የአልጋ የቀን ወሰንና ታካሚው የሚጋራውን መቶኛ ከወዲሁ አስልተው ይግቡ።

አሠሪዎንም አይርሱት። የኅብረት ስምምነቱ ወይም የቅጥር ውልዎ «ድርጅቱ የቤተሰብ ሕክምና ይሸፍናል» የሚል ከሆነ፣ ግዴታው የአሠሪው ነው፤ ጎዶሎ ዋስትና መግዛቱ ከግዴታው ነጻ አያደርገውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝና መሰል ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር፣ ሌላው በአጠቃላይ በ1 ዓመት ስለሚታገድ፣ በዚህ በኩል የሚጠይቁ ከሆነ 6 ወሩን አያሳልፉ። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ሕክምና ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው፤ ወጪው በአዋጁ መሠረት የአሠሪው ነው።

ወደ እናትዎ እንምጣ። ሊሙ ኮሳ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ናት፤ አሠራሩ እዚያ አዲስ አይደለም። መድኑ የሚከፍለው ወረዳው ውል ለገባባቸው ጤና ተቋማት ነው፤ መንገዱም ከጤና ጣቢያ ይጀምርና ወደ ሊሙ ገነት ሆስፒታል፣ ከዚያም ሲያስፈልግ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያመራል። ይህን ቅደም ተከተል ዘሎ የሄደ አባል በራሱ ወጪ ይታከማል፤ ወይም የወጪውን ከፊል ይሸከማል። ሪፈር ሲባልም ቃል አይደለም፤ የአባሏ ስም ከነአያት፣ የደብተር ቁጥሯ፣ የላከው ተቋም ማኅተም፣ የሐኪሙ ፊርማና ቀን ያለበት ወረቀት ነው። ስሙ ከደብተሩ ጋር በአንድ ፊደል ከተለያየ መስኮት ላይ ይመልሷችኋል፤ ይህ በተለይ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈውን ስም በአማርኛ ሲገለብጡት የሚመጣ ጣጣ ነው።

ድንገተኛ ሕመም ግን ከዚህ ሥርዓት የተለየ ነው። ትንፋሽ ያጠራት እናት በሌሊት ጤና ጣቢያ ወረፋ እንድትይዝ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ለአጣዳፊ ሕመም አስፈላጊ የሆነን እርዳታ ያለ በቂ ምክንያት የሚነፍግ የጤና ባለሙያም በወንጀል ሕጉ ይጠየቃል። ችግሩ የሚፈጠረው በማስረጃው ላይ ነው፤ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ካርዱ ላይ «ድንገተኛ» ብሎ ካልጻፈ፣ በማግሥቱ ሒሳብ ክፍል የሚያየው ሪፈር የሌላት ታካሚ ብቻ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታሉ ተመልሰው የዚያን ሌሊት የድንገተኛ ክፍል መዝገብ የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ያውጡ፤ የገባችበት ሰዓት፣ ምልክቱና የተሰጣት ኦክስጅን ወይም መድኃኒት ይጠቀስ። ይህን ከደረሰኙና ከደብተሩ ኮፒ ጋር አያይዘው ለሊሙ ኮሳ ወረዳ የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ተመላሽ ይጠይቁ። ደብተሩ ላይ የዘንድሮው መዋጮ መከፈሉን የሚያሳየው ማኅተም መኖሩን አስቀድመው ይዩ፤ ያልታደሰ ደብተር ከሆነ ጥያቄው በዚያው ይወድቃል። ወረዳው ከከለከለ ውሳኔውን በጽሑፍ ይዘው ወደ ዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤትና ወደ ኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ጅማ ቅርንጫፍ ያቅርቡ።

እናትዎ እርስዎ ዘንድ ለመክረም ከመጡ ሌላ ነገር ይጠንቀቁ። ደብተሯ ወረዳዋ ውል ባልገባበት የጅማ ጤና ጣቢያ ላይሠራ ይችላል። ከመምጣቷ በፊት የትኞቹ ተቋማት በውሉ ውስጥ እንዳሉ ከወረዳው ይጠይቁ። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት በሆስፒታሉ ፋርማሲ ከሌለም፣ ከውጭ ከመግዛትዎ በፊት ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ጽሑፍና የፋርማሲውን ማኅተም ያስመቱ፤ በእናትዎ ስም የተቆረጠ ደረሰኝም ይያዙ። ይህ ሳይኖር የተገዛ መድኃኒት ተመላሽ ማግኘቱ እጅግ ከባድ ነው። የጥርስ ተከላ፣ የዓይን መነጽር፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና በመድኑ አይሸፈኑም። በመኪና አደጋ የደረሰ ጉዳት የሚታየው ደግሞ በተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሕግ ነው።

ባለቤትዎን ስለማስመዝገብ፦ የማኅበረሰብ አቀፉ መድን የተዘረጋው ለአርሶ አደሩ፣ ለአርብቶ አደሩና በከተማ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደር ቤተሰብ ነው፤ ምዝገባውም በቤተሰብ እንጂ በነጠላ ሰው አይደለም። ደመወዝተኛ ከነቤተሰቡ የታሰበለት ማኅበራዊ የጤና መድን ሲሆን፣ መነሻው አዋጅ ቁጥር 690/2002 ነው፤ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ የታቀደው በዚሁ ሥርዓት ነው። አፈጻጸሙ ተደጋግሞ ስለተራዘመ፣ የደመወዝ መክፈያ ወረቀትዎ ላይ የጤና መድን ቅናሽ ከሌለ ሽፋን አለኝ ብለው አይቁጠሩ። ቀበሌ ሄደው ስለ ባለቤትዎ ሲጠይቁ የእርስዎን ቅጥር ሳይሸሽጉ ይናገሩ። እንደ ነጠላ ሰው ወይም በእናትዎ ደብተር ላይ ማስመዝገብ ግን ማታለል ነው፤ ደብተሩን ያሰርዛል፤ እናትዎንም ያለ ሽፋን ያስቀራቸዋል።

ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ ልንልዎ አንችልም፤ ለስኳር ክትትል ግን የግሉን ዋስትና ብቻ ተማምነው መቀመጥ የለብዎትም። ባለቤትዎ በመንግሥት ሆስፒታል የስኳር ክትትል ክፍል መደበኛ ካርድ ይኑራቸው፤ ያለ መድንም ቢሆን ዋጋው ከግሉ በእጅጉ ያነሰ ነው። የግሉን ዋስትና ለሚሸፍነው ነገር ያቆዩት። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና ደግሞ በመንግሥት ተቋም ማንኛውም ሰው መድን ኖረውም አልኖረውም በነጻ የሚያገኘው አገልግሎት ነው፤ ለእነዚህ ገንዘብ ከተጠየቁ ደረሰኝ ይቀበሉና ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ያመልክቱ።

ለወረዳው የሚያቀርቡትን ማመልከቻ በአፋን ኦሮሞ ያዘጋጁት፤ የጽሕፈት ቤቶቹም የክልሉ ፍርድ ቤቶችም የሥራ ቋንቋ እሱ ነው። የኢንሹራንስ ውሉ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ ክስ ከመጣ የተረጋገጠ ትርጉም ያስፈልግዎታል፤ የትርጉሙን ወጪ ደረሰኝ ይዘው ከዳኝነቱ ጋር ይጠይቁት።