12ቱ ቴንሶች እና የ2ኛ ክፍል ተማሪ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ስለ እንግሊዝኛ ግስ ያልጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ፈተና ደርሷል መሰለኝ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ቁጣውንም ቀንሼለታለሁ።

መጨረሻው ላይ «ኢዲ» (ed) ያለበት ግስ ሁሉ መጨረሻው «ኢድ» ተብሎ ነው የሚነበበው? ልጄና መምህሩ አልተስማሙም። (አንድ አባት፣ ከደሴ)

አይደለም። «ዎክት»፣ «ፕሌይድ»፣ «ዎንቲድ»፤ ሦስት ዓይነት ነው። «ኢድ» የሚመጣው ግሱ ራሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ድምፅ ሲያልቅ ብቻ ነው። ማን ምን እንዳለ አልጻፉልኝም። ትክክል የሆነው ልጁ ከሆነ ግን ለመምህሩ ለብቻቸው ይንገሯቸው።

ከባሕር ዳር የጻፉልኝ አባት ልጃቸው 2ኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ 12ቱን ቴንስ (የግስ ጊዜ) በሰንጠረዥ ሰጥቷታል። «ሳብጀክት ሲደመር ሃድ ሲደመር ቨርብ ስሪ» እያለች ቀኑን ሙሉ ትሸመድዳለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ ስትባል ግን ዝም። አባት የፈለጉት የሰንጠረዡን የአማርኛ ትርጉም እንድልክላቸው ነው።

አልልክም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሰንጠረዡ ችግር አለመተርጎሙ አይደለም። 12 የሚባለው ቁጥር የመጣው ሦስት ጊዜያትን በአራት የድርጊት ሁኔታዎች በማባዛት ነው። ሰዋስው ለሚያጠና ትልቅ ሰው ይጠቅመዋል። ለ8 ዓመት ልጅ ግን ባዶ ፎርሙላ ነው። ፊውቸር ፐርፌክት ኮንቲኒዩየስ የሚባለውንማ አዋቂም በንግግሩ ብዙ አይጠቀምበትም። እሱን ሸምድዳ «ትናንት ምን በላሽ?» ለሚለው መልስ ከሌላት ምኑን ተማረችው?

ትርጉሙ ደግሞ ይብስ ያሳስታታል። እስቲ የተኛ ልጅ ሥዕል ያሳዩዋትና «ልጁ ምን ሆኗል?» ብለው በአማርኛ ይጠይቋት። «ተኝቷል» ትልዎታለች። «እየተኛ ነው» አትልም፤ እሱ ገና አልጋው ላይ ጋደም እያለ ላለ ሰው ነው። የትርጉም ሰንጠረዥ ደግሞ «ሄዷል» ለሚለው «ሃዝ ጎን» ብሎ ይሰጣታል። ስለዚህ የተማረችውን ተከትላ «ሂ ሃዝ ስሌፕት» ትላለች። መምህሯም በቀይ ያሰምሩባታል፤ እንግሊዝኛው «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ» ነውና። ተቀምጧል፣ ቆሟል፣ ለብሷል፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። እኛ ተፈጽሞ ያደረውን ድርጊት እንናገራለን፤ እነሱ አሁንም እንደቀጠለ አድርገው ይናገሩታል። «ርቦኛል» ደግሞ ጭራሽ ግስነቱን ትቶ «አይ አም ሃንግሪ» ይሆናል።

ሌላም አለ። በየቀኑ «እሄዳለሁ»፣ ነገም «እሄዳለሁ»። አማርኛ ለሁለቱ አንድ መልክ ይበቃዋል። «ቱሞሮው አይ ጎ» የሚለው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ከስንፍና አይደለም። ገና ከጓዳ ሳይወጣ «መጣሁ!» የሚል ሰው ባለበት ቤት ያደገ ልጅ፣ «ፓስት ቴንስ ያለፈ ነገር ነው» ሲሉት ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

አማርኛው ይቅር እያልኩ አይደለም። የሚገጥምበትን ያስቀድሙ ነው የምለው። «እየበላች ነው» ከ«ሺ ኢዝ ኢቲንግ» ጋር ልክክ ይላል። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የሚፈቱ ሕፃናትም ከግስ ቅጥያዎች ሁሉ ቀድመው የሚይዙት «ኢንግ»ን ነው። ሮጀር ብራውን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ የሦስት ሕፃናትን ንግግር ተከታትሎ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ይህንኑ አሳይቷል። «ሺ ጎውዝ» ላይ ያለችው «ዝ» ግን ለእነሱም ዘግይታ ነው የምትመጣው። ለባለቋንቋዎቹ ልጆች የዘገየች ነገር የእርስዎ ልጅ አፍ ላይ በ2ኛ ክፍል ባትገኝ ምን ይገርማል?

ስለዚህ እኔን ከጠየቁኝ፣ መጀመሪያ «አም፣ ኢዝ፣ አር»። ቀጥሎ ፊቷ እየሆነ ያለውን በ«ኢንግ»። ከዚያ በየቀኑ የምታደርገውን። የትናንቱ በወሬ መልክ ይምጣ፤ ማታ እራት ላይ «አይ ዌንት፣ አይ ሶው፣ አይ ኤት» እያላችሁ የየራሳችሁን ውሎ አውሩ። እርስዎ ይጀምሩ፣ ቢሳሳቱም ግድ የለም። የቀረው ከፍ ያሉትን ክፍሎች ይጠብቅ። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ልጆቹ በብዙ ቦታ፣ እንደየክልሉ፣ 7ኛ ወይም 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ሳይንሱን በእንግሊዝኛ ይማሩታል። የሳይንስ መጽሐፍ ደግሞ አብዛኛው ሲምፕል ፕረዘንት (የዘወትሩን የሚናገረው) ነው፤ ውኃ ይፈላል፣ ተክል ያድጋል። ይህን አንዱን በደንብ የያዘች ልጅ 12ቱን ከሸመደደችው በብዙ ትሻላለች። ትምህርት ቤቱን ይህን ብለው ይጠይቁ። ሰንጠረዡን ካላነሱ እንኳ ከፈተና ያውጡት።

ልጆቼ ከካርቱን እንግሊዝኛ ይማራሉ?

ቃል ይለቅማሉ። መልሶ የሚያናግራቸው ከሌለ ግን እዚያው ላይ ይቀራል።

«ጋሼ፣ ‹ዲድ ዩ ዌንት› ብዬ ተሳሳትሽ ተባልኩ። ትናንት ስለሆነ እኮ ነው!» (የ5ኛ ክፍል ተማሪ)

አንቺ ጎበዝ፣ ያሰብሽው ልክ ነው። ግን «ዲድ» ራሱ ያለፈ ጊዜን ይዟል። አንዴ ከተነገረ በቂ ነው፤ ስለዚህ ግሱ ወደ «ጎ» ይመለሳል። «ዲድንት»ም እንደዚሁ። «ደዝ» ሲመጣም የግሱን «ስ» ወስዶ ነው፤ «ደዝ ሺ ጎ» ነው የሚባለው። አሁን ደግሞ ለወንድምሽ አስረጂው፣ ካስረዳሽው አትረሺውም።

አንድ ጀማሪ መምህር ከ70 በላይ ልጆች ባሉበት ክፍል ፓስት ቴንስ ያስተምራል። ልጆቹ «የስተርዴይ» የሚለውን ሲያዩ ወዲያው «ኢዲ» ይጨምራሉ። ቃሉ ከሌለ ግን አሁን ይሁን ትናንት አይለዩም። «መርጃ መሣሪያ የለኝም፣ ምን ላድርግ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ግማሹን መልስ ራስህ ጽፈኸዋል። «የስተርዴይ» ካለ ልጁ ግሱን ማየት ለምን ያስፈልገዋል? ጊዜውን ነግረኸዋል እኮ። ቢል ቫንፓተን የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪ ይህን በደንብ ገልጾታል፤ ተማሪ ትርጉሙን ከሙሉ ቃል ካገኘ ቅጥያውን አያዳምጥም። መፍትሔውም ቃሉን ማንሳት ነው። አንተ «አይ ኢት ብሬድ» በል፤ ልጆቹ በየቀኑ ከሆነ እጃቸውን ወደ ላይ፣ ትናንት ከሆነ ወደ ኋላ ያድርጉ። «አይ ኤት ብሬድ»፣ ወደ ኋላ። ለ70 ልጅ ምንም ወጪ የለውም፤ ማን እንዳልገባው ደግሞ ከፊት ቆመህ ታየዋለህ። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ «አይ ዎክት ቱ ስኩል» አትምረጥ። ሁለቱ «ት» ተውጠው አንድ ስለሚሆኑ ባለቋንቋውም አይለየውም። «ፑት» እና «ከት»ም አይለወጡምና ይቅሩ።

«ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያስባሉ ረጅሙን ዝርዝር ማስዘመርንም ቀንስ። እንግሊዝኛ ውስጥ በብዛት የሚነገሩት ግሶች፣ «ቢ፣ ሃቭ፣ ዱ፣ ጎ፣ ሴይ»፣ ሁሉም ከሕግ ውጭ የሚለወጡ ናቸው። ደግነቱ በየቀኑ ስለሚሰሙ በጆሮ ይገባሉ። የሚመሳሰሉትን አብረህ አስተምር፦ «ሲንግ፣ ሳንግ»፣ «ሪንግ፣ ራንግ»፣ «ድሪንክ፣ ድራንክ»። የቃሉ ውስጥ ድምፅ ተለውጦ ጊዜው ሲለወጥ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ አይደነግጥም። «ሰበረ፣ ይሰብራል» እያለ ነው ያደገው።

ስለ ማረምም ጠይቀኸኛል። ልጁ «አይ ጎ የስተርዴይ» ሲል አንተ «ኦ፣ ዩ ዌንት» ብለህ ታልፋለህ። ጥሩ ነው፣ አያሳፍረውም። ብዙ ጊዜ ግን እንደታረመም አያውቅም። በካናዳ በፈረንሳይኛ የሚያስተምሩ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎችን ያየ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ያገኘው ይህንን ነው፦ መምህራን ከሁሉ አብዝተው የሚጠቀሙበት አስተራረም ይህ ሲሆን፣ ተማሪዎች ከሁሉ ያነሰ ምላሽ የሚሰጡትም ለእሱ ነው። አንዳንዴ ቆም ብለህ «በየቀኑ ነው ትናንት?» በለው። ራሱ ያርማል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር እናት የ5 ዓመት ልጇ በእንግሊዝኛ «ከምድ» እና «ኢትድ» ይላል። ድሮ «ኬም» ይል ነበር። «አማርኛው አደናገረው፣ ቤት ውስጥ ልተወው?» ትላለች።

እባክሽ እንዳትተዪው! ልጅሽ ወደ ኋላ አልሄደም፤ ሕጉን አግኝቶ ነው። «ኬም» ያለው እንደሰማው ነበር፤ አሁን «ያለፈ ነገር ኢዲ ይጨመርበታል» ብሎ ራሱ ደርሶበታል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩ ልጆችም በዚሁ ያልፋሉ። በ1958 እ.ኤ.አ. ጂን በርኮ የምትባል ተመራማሪ ለአሜሪካ ሕፃናት የሌለ ግስ ፈጥራ ሰጠቻቸው። «ይህ ሰውዬ ሪክ ማድረግ ያውቃል። ትናንትስ ምን አደረገ?» ብዙዎቹ «ሪክት» አሉ። ሰምተውት የማያውቁት ቃል ነው። «ከምድ» ጊዜውን ጠብቆ ይሄዳል፤ የጠፋ አማርኛ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ካሳሰበሽ የትምህርት ቤቱን የንግግር ባለሙያ ጠይቂ፣ ግዴታ ግን አይደለም።

ልጄ «አይ ጌት አፕ አት 12 ኦክሎክ» ብላ ጽፋ መምህሯ ሳቁባት። ከጧቱ 12 ሰዓት ነው እኮ የምትነሳው።

ግሱ ልክ ነው። ሰዓቱ ላይ 6 ይቀነስ። መምህሯም የግሱን ማርክ ሰጥተው ይሳቁ።

ከአዳማ የጻፉ እናት የ4ኛ ክፍል ልጃቸው በድርሰቱ «ኢዲ»ም «ስ»ም አይጽፍም። አስጠኚ ቀጥረውለታል፣ ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ እግረ መንገዳቸውን «በአማርኛም ‹ምን?› ማለት ያበዛል፣ ቴሌቪዥኑንም ከፍ ያደርጋል፣ ጆሮውን ድሮ ያመው ነበር» ብለዋል።

እመቤቴ፣ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ የጻፉት ነው። አስጠኚውን ያቁሙና ጆሮውን ያስመርምሩ። የቃል መጨረሻ ላይ ያሉት «ስ» እና «ት» ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። መስማት ትንሽ ሲቀንስ ቀድመው የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። ልጁ ያልሰማውን አይጽፍም። ጤና ጣቢያ ሄደው ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ እንዲልክዎት ይጠይቁ። «ያድግበታል» ቢሉዎትም ሳይመረመር አይመለሱ። እስከዚያው መምህሩን ከፊት ወንበር እንዲያስቀምጡት ይንገሯቸው። ምናልባት ጆሮው ደህና ሊሆን ይችላል። ያኔ ይጻፉልኝ፣ ስለ ግሱ እናወራለን።

«ጎና» ማለት ነውር ነው?

በአፍ ምንም አይል። ፈተና ላይ ግን «ጎይንግ ቱ» ይጻፍ።