ከኬጂ ምን ይተርፋል? ስለ ልጆች የመጀመሪያ ዓመታት ጥያቄና መልስ

የዶክትሬት ጥናቴ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የተማሩት ነገር ከዓመታት በኋላ በንባባቸውና በሒሳባቸው ላይ ምን ይጨምራል? ለዚህም ልጆችን ከኬጂ ጀምሬ እስከ ሦስተኛ ክፍል እየተከታተልኩ ነው። የራሴ መረጃ ገና ትንተና ላይ ስላለ ከእሱ ቁጥር አልጠቅስም። የምመልሰው ካነበብኳቸው ጥናቶችና ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጬ ካየሁት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንጀምር።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሳያወላውሉ ይንገሩን። ኬጂ የገባ ልጅ ካልገባው ይበልጣል?

መልስ፦ ዶክተርነቱ ገና ነው፤ መመረቂያ ጽሑፌን እየጻፍኩ ነው። አንደኛ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ፣ አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ የሚወሰነው በተማረበት ኬጂ ዓይነት ነው።

ስሙ ደጋግሞ የሚነሳውን ጥናት ልንገራችሁ። በ1962 አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ የፔሪ ቅድመ መደበኛ ጥናት ተጀመረ። ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 123 ልጆች በዕጣ ተከፈሉ። 58ቱ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይማራሉ። መምህሯ ደግሞ በየሳምንቱ ቤታቸው ሄዳ ከእናትየዋና ከልጁ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ትቀመጣለች። 65ቱ ይህን አላገኙም። ከዚያ ሁሉንም 40 ዓመት እስኪሞላቸውና ከዚያም በኋላ ተከታተሏቸው። ዕድሉን ካገኙት መካከል ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱት ይበዙ ነበር። ገቢያቸው የተሻለ ነበር። በፖሊስ የተያዙት ደግሞ ያንሱ ነበር።

አብሮ መነገር ያለበት ነገር ግን አለ። 123 ልጅ ትንሽ ቁጥር ነው። ለአንድ መምህርት የሚደርሳት ስድስት ልጅ ገደማ ብቻ ነበር። ያንን ውጤት ይዞ «ኬጂ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል» ማለት ወላጆችን ማታለል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጥቅሙ ሦስተኛ ክፍል ላይ ይጠፋል የሚባለውስ? ልጄን ለማስተማር የማልከፍለው የለም፤ ይህን ስሰማ ግን ተስፋ ቆረጥኩ።

መልስ፦ ተስፋ አትቁረጪ፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ። መጥፋቱ በብዙ ጥናት ታይቷል። በፔሪ ጥናት ራሱ የልጆቹ የአእምሮ ፈተና ብልጫ ስምንት ዓመት አካባቢ ሲደርሱ የለም ማለት ይቻላል።

የባሰም አለ። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ለመንግሥት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ከቦታው በላይ ልጆች ተመዘገቡና በዕጣ ተለዩ። 2,990 ልጆች ናቸው። የገቡት መጀመሪያ ላይ በልጠው ነበር። ሦስተኛ ክፍል ላይ ብልጫው ጠፋ። በ2022 የወጣው ውጤት ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ላይ ካልገቡት ዝቅ ብለው መገኘታቸውን አሳየ። የዲሲፕሊን ችግርም በእነሱ ላይ በዛ። ያንን ጽሑፍ ያነበብኩ ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

ከሌላዋ የአሜሪካ ከተማ ከቦስተን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ከ1997 እስከ 2003 የመንግሥት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ለመግባት ለአራት ዓመት ልጆች ዕጣ ይወጣ ነበር። ከ4,000 በላይ ልጆችን ተከትለው አዩ። በግዛቱ ፈተና ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ዕጣ የወጣላቸው ግን ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረሱ በቀጥታ ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸው በ8 የመቶኛ ነጥብ ከፍ አለ። ፈተናው ያላየው ነገር ልጆቹ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ለምን ይጠፋል ለሚለው፣ አንዱ ምክንያት ቀላል ነው። ያልተማረው ልጅ ይደርሳል። የፊደል ስምና እስከ ሃያ መቁጠር አንደኛ ክፍል ማንም የሚማረው ነው። ሁለተኛው ምክንያት የሚያመኝ ነው። አንዲት ልጅ አስታውሳለሁ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ገና ሲጀምር ታውቀዋለች። ደብተሯ ላይ ቶሎ ገልብጣ ጨረሰች። ከዚያ እርሳሷን አስቀመጠች፣ ክንዷን ዴስኩ ላይ ዘረጋች፣ ጭንቅላቷን አሳረፈችበት። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ማንም ቀና በይ አላላትም። ኬጂ የሰጣትን አንደኛ ክፍል አልተቀበላትም። እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ይዘን «ኬጂ አልጠቀማትም» ብንል ፍርዳችን የተሳሳተ ነው።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ እስከ መቶ ትቆጥራለች። በሒሳብ ጎበዝ ትሆናለች ማለት ነው?

መልስ፦ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ነገር ሞክር። አሥራ አምስት ቁልፍ ወይም ጠጠር ፊቷ አድርግና «ሰባት ስጪኝ» በላት። ዝም ብለህ እይ።

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ፊት አምስት ጠጠር ደረደርኩ። እየነካ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት» አለ። «ስንት ናቸው?» አልኩት። እንደገና ከአንድ ጀመረ። «እሺ፣ ስንት ሆኑ?» ስለው ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረ። የመጨረሻዋ ቃል የሁሉም ብዛት መሆኗ ገና አልገባውም። ቃሉ አፉ ላይ አለ፤ ቁጥሩ ግን የለም። ይህ በዚያ ዕድሜ የተለመደ ነው፣ ድንጋጤ አያስፈልገውም። ልምምድ ግን ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የምጨቀጭቀው በምክንያት ነው። በ2007 ግሬግ ደንከንና ባልደረቦቹ ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ 6 ትልልቅ የክትትል ጥናቶችን አንድ ላይ አዩ። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ካለው ክህሎት ውስጥ የኋላ ውጤቱን አጥብቆ የሚያመለክተው የሒሳብ መነሻ ዕውቀቱ ነበር። ቀጥሎ ንባብ፣ ከዚያ ትኩረት። የቁጥር ትርጉም ደግሞ በጨዋታ ይገባል። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ ከአንድ እስከ አሥር በተርታ የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ልጆች እየተራመዱ እንዲጫወቱ አደረጉ። ጠቅላላ ጨዋታው አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። የልጆቹ የቁጥር ግንዛቤ ተሻሻለ። ካርቶን ላይ አሥር ሳጥን ሥራና ሞክሩት። ልጅቷ ስትራመድ የቆመችበትን ቁጥር ጮክ ብላ ትጥራ።

ጥያቄ፦ የጎረቤት ልጅ በአራት ዓመቱ ያነባል። የእኔ አምስት ሆኖት ገና ነው። ዘገየሁ?

መልስ፦ አልዘገየሽም። ሴባስቲያን ሳጌት ኒውዚላንድ ውስጥ በአምስት ዓመታቸው ንባብ የጀመሩትን በሰባት ዓመታቸው ከጀመሩት ጋር አነጻጽሯል። አሥራ አንድ ዓመት አካባቢ ሲደርሱ በንባብ ቅልጥፍና አይለያዩም ነበር። የሰባቶቹ እንዲያውም የመረዳት ችሎታቸው ትንሽ የተሻለ ነበር። የፊንላንድ ልጆችም አንደኛ ክፍል የሚገቡት በሰባት ዓመታቸው ነው።

ይህ ማለት ግን እጅሽን አጣጥፈሽ ጠብቂ ማለት አይደለም። ተረት ንገሪው፣ የሚያውቀውን ታሪክ መልሶ ይንገርሽ፣ ቃላት በየትኛው ድምፅ እንደሚጀምሩ ተጫወቱ። ፊደሉ ሲመጣ የሚያርፍበት መሬት ይኖረዋል።

ጥያቄ፦ ጥሩ ኬጂ በምን ይታወቃል? ሁሉም ግድግዳው በሥዕል ያሸበረቀ ነው።

መልስ፦ ግድግዳውን ተወው። ጆሮህን ስጥ።

ሁለት ክፍል ላሳይህ። ሁለቱም ጋ መምህሯ ስለ አንዲት የጠፋች ጥጃ አንድ ዓይነት የሥዕል መጽሐፍ ታነባለች። በመጀመሪያው ክፍል ጥያቄው «ይህ ምንድነው?» ነው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ጥጃ!» ይላሉ። «ቀለሙስ?» «ቡናማ!» ገጽ ይገለጣል። ክፍሉ ሞቅ ያለ ነው፤ የሚያየው ሰው ትምህርት አለ ይላል። በሁለተኛው ክፍል መምህሯ መጽሐፉን ዝቅ አድርጋ «ጥጃዋ ለምን ወደ ቤት ያልተመለሰች ይመስላችኋል?» አለች። ዝምታ ሆነ። እሷም ዝም አለች። አንድ ልጅ «ፈርታ ነው» አለ። «ምን አይተህ ነው ፈራች ያልከው?» «ጆሮዋ... ወደ ታች ሆኗል።» ሌላዋ «አይደለም፣ እናቷን እየፈለገች ነው» ብላ ተከራከረች።

ልዩነቱ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ልጅ አንድ አንድ ቃል ተናገረ። የሁለተኛው ምክንያት አቀረበ፣ ማስረጃ አሳየ፣ የጓደኛውን ሐሳብ ሰምቶ ተቃወመ። አራተኛ ክፍል ላይ አንድ አንቀጽ አንብቦ «ለምን?» ሲባል የሚፈለግበት እኮ ይሄው ነው። እኛ አጥኚዎች ክፍል ስንመዝን ይህንን ንግግር ነው በቅጽ ላይ የምንቆጥረው፤ ማን ጠየቀ፣ ማን መለሰ፣ ከመልሱ በኋላ ምን ተባለ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የሦስት ዓመት ተኩል የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። ኬጂ ማስገባት አልቻልንም። እኔም ብዙ አልተማርኩም። ተበላሸበት?

መልስ፦ እናቴ፣ በፍጹም አልተበላሸበትም። እርስዎ ያሉበት ቤት ባዶ አይደለም።

በ1986 ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ ሳሊ ግራንተም-ማክግሪጎርና ባልደረቦቿ በምግብ እጥረት ዕድገታቸው የቀነሰ 129 ሕፃናትን ይዘው ነበር። ለአንዳንዶቹ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በየሳምንቱ ቤት እየመጡ ለሁለት ዓመት እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር ማጫወት አለማመዱ። መጫወቻው ቤት ውስጥ ካለ ዕቃ የተሠራ ነበር። ልጆቹ 22 ዓመት ሲሆናቸው ገቢያቸው ካልተጎበኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ።

ከ1997 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ 3,000 ገደማ ልጆችን የተከታተለው ጥናትም፣ ወላጅ ቤት ውስጥ ከልጁ ጋር የሚያደርገው ነገር ከወላጁ የትምህርት ደረጃ ይበልጣል ብሏል። ስለዚህ እርስዎ የሚያውቁትን ተረት ይንገሩት። መሃል ላይ ቆም ብለው «ከዚያስ ምን የሆነ ይመስልሃል?» ይበሉት። ልብስ ሲያጥፉ ጥንድ ጥንዱን እሱ ያግኝ። የሚሠሩትን እየሠሩ ያውሩት። ማንበብ አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤት ሌላ ነው። የቤቱን እናቁመው?

መልስ፦ አታቁሙት። ልጁ በቤቱ ቋንቋ የያዘው ሐሳብ፣ ታሪክና ድምፅ የመለየት ችሎታ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። በደንብ በማትችሉት ቋንቋ ልታናግሩት ስትሞክሩ ግን ወሬያችሁ ያጥራል፤ የሚጎዳው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከረሜላ ፊቱ ተቀምጦ መታገሥ የቻለ ልጅ ወደፊት ይሳካለታል ይባላል። ልጄ አንድ ደቂቃም አልታገሰ!

መልስ፦ እሱን ፈተና ቤት ውስጥ አትሞክሪ። በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ጥናት ልጆቹ ጥቂት ነበሩ። በ2018 ከ900 በላይ ልጆች ላይ ሲታይ በመታገሥና በኋላ ውጤት መካከል ያለው ግንኙነት በግማሽ ያህል አነሰ። የቤተሰብ ሁኔታና የልጁ ቀደምት ችሎታ ሲገባበት ደግሞ ከቀረው ሁለት ሦስተኛው ሄደ። ራስን መግዛት ያድጋል። ተራ መጠበቅ ያለበት ጨዋታ አጫውቺው።

ጥያቄ፦ እኔም በዚህ ርዕስ ፒኤችዲ ልጀምር ነው። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ መጀመሪያ ከአንድ ነገር ጋር ታገል። ልጁን ኬጂ የሚያስገባ ወላጅ ከማያስገባው በገቢ፣ በትምህርት፣ በጊዜ ይለያል። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያየኸው ብልጫ የኬጂው ነው ወይስ የቤቱ? ዕጣ ያለበት ቦታ ካገኘህ እሱን ያዝ። ካላገኘህ ልጆቹን ገና ሲገቡ ለካቸው፤ የኋላውን ብቻ ለክተህ አትፍረድ።

ሁለተኛ፣ ልጆች ይጠፉብሃል። ቤተሰብ ቤት ይቀይራል፣ ስልክ ይዘጋል። የሚጠፉት ደግሞ በአብዛኛው ኑሮ የከበዳቸው ናቸው፤ እነሱ ሲወጡ ውጤትህ ያማረ ይመስላል። ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ቢያንስ የሁለት ዘመድ ስልክ ያዝ። እኔ የአንድ ብቻ ይዤ ጀምሬ አንዳንዶቹን ለማግኘት ብዙ ቅዳሜዎች አልፈውብኛል።

ሦስተኛ፣ ፈተና ብቻ አትለካ። ቦስተንን አስታውስ።

ጥያቄ፦ የኬጂ መምህርት ነኝ። አርባ ልጅ አለኝ። የሁለተኛዋን መምህርት ክፍል ሳነብ ቀናሁ። ለእኔ የሚሆን ነገር አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ አርባ ልጅ መብዛቱን ማንም ሊክድሽ አይገባም። ጥፋቱም ያንቺ አይደለም። ግን ሁለት ነገር ይሠራል።

አንዱ ምንም አያስወጣም። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ መምህራን ጠይቀው ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ ለካች። አንድ ሰከንድ ገደማ ነበር። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያስረዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» ማለታቸው ቀነሰ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ጠይቂና በልብሽ እስከ ሦስት ቁጠሪ። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ይከብድሻል።

ሌላው፣ አርባውን በአንዴ ለማናገር አትሞክሪ። ሠላሳ አምስቱ ሥዕል ሲሥሉ ወይም ሲጫወቱ ከአምስቱ ጋር መሬት ላይ ቁጭ በይ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። አንድ ሥዕል፣ አንድ «ለምን» ያለው ጥያቄ። በስምንት ቀን ሁሉም ይደርሳቸዋል። ዛሬ ማታ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስም ወረቀት ላይ ጻፊ። ከዝምተኞቹ ጀምሪ።